«መብራት ነው ያቃጠለብን»፦ ሶስት ሞተሮች ተከፍተው ሲታዩ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሶስት የተቃጠሉ ሞተሮች አንድ ጥቅለላ ቤት ገቡ። ሁለቱ የወፍጮ፣ አንዱ የእንጨት መሰንጠቂያ። ሶስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ሶስቱም መብራት የሚያገኙት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው። የባለቤቶቹም ቃል አንድ ነው፦ «መብራት ነው ያቃጠለብን።»

ከሶስቱ አንዷ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው እናት፣ በልጃቸው ስልክ በውስጥ መስመር ጻፉልን። «ልጆቼ፣ ሄጄ ባመለክት ሞተርሽ አሮጌ ነው አሉኝ። እኔ ምን ላውቅ? እስቲ እናንተ ጠይቁልኝ» ይላል መልእክቱ።

ሄድን። ግን ከቢሮ አልጀመርንም። ቢሮ ሄደን «ለምን ተቃጠለ?» ብንል የምናገኘው መልስ እሳቸው ካገኙት የተለየ አይሆንም። መጀመሪያ የሄድነው ሞተሮቹ ወዳሉበት ጥቅለላ ቤት ነው። እኛ የኤሌክትሪክ ትምህርት አልተማርንም። ከዚህ በታች ያለውን የተረዳነው ጠይቀን፣ አስከፍተን አይተን፣ ከዚያም ያየነውን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይተን ነው።

ወደ ሞተሮቹ ከመግባታችን በፊት፣ ጉዳዩ ለምን የሶስት ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በአጭሩ እንናገር።

የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደስ ይላል፣ ደስም ብሎናል። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ ሃይል ወፍጮ ቤት ድረስ የሚመጣው በማስተላለፊያ መስመር፣ በሰብስቴሽን፣ በሰፈር ትራንስፎርመር፣ በእንጨት ምሰሶና በላላ ማያያዣ በኩል ነው። ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ጥራቱን ጠብቆ ማድረስ ሌላ። በዚህ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ለአራት ዓመት በየጊዜው እንዲጨምር ተወስኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሞተር ከውጭ ነው የሚመጣው። መዳቡም፣ ኩሽኔታውም። ስለዚህ ድሮ «ኧረ ሌላ እገዛለሁ» ይል የነበረ ባለወፍጮ ዛሬ እንደዛ ማለት አይችልም። ያስጠቀልላል። ሲቃጠል እንደገና ያስጠቀልላል። የጥቅለላ ዋጋውን እዚህ ብንጽፈው ሳምንት ሳይሞላው ስለሚለወጥ ትተነዋል።

አሁን ወደ ጥቅለላ ቤቱ እንግባ።

ባለሙያው ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ስራ ላይ የቆዩ ናቸው። ሰፈሩ በቀልድ «ጠቅላይ» ነው የሚላቸው። የመጀመሪያውን የወፍጮ ሞተር ክዳን ሲያነሱ አጠገባቸው ቆመን ነበር። ውስጡ ክብ ሆኖ የተደረደረ የመዳብ ሽቦ ነው፣ ልክ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። እኛ ሙሉ በሙሉ ከስሎ እናገኘዋለን ብለን ነበር የጠበቅነው። እንደዛ አይደለም። አንድ እስር ጥቁር፣ ሁለት እስር ደህና፣ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ደህና፣ እያለ ይዞራል። ደህናዎቹ ቫርኒሻቸው እንኳ አልጠቆረም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አልናቸው።

«አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ሰርቷል» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እንዴት አወቁ? ባለሶስት ፌዝ ሞተር በሶስት መስመር ነው ሃይል የሚቀበለው። አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሞተሩ ቆሞ ከነበረ አይነሳም፤ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። እየዞረ ከነበረ ግን አይቆምም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! በቀሩት ሁለት መስመሮች መዞሩን ይቀጥላል፣ ያንኑ ጭነት ለመሸከምም ከነሱ 1.7 እጥፍ ገደማ ከረንት ይስባል። የወፍጮ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ዴልታ በሚባለው አያያዝ ነው የሚሰሩት። በዴልታ ከሶስቱ ጥቅልሎች አንዱ በቀጥታ በሁለቱ መስመሮች መካከል ይውላል፣ ሁለቱ ደግሞ ተያይዘው ሸክሙን ይካፈላሉ። ሂሳቡን ብትሰሩት ያ አንዱ ጥቅልል ከወትሮው ሁለት እጥፍ ከረንት ይሸከማል። ሙቀት በከረንት ስኩዌር ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይግላል። ሌሎቹ ሁለቱ የለመዱትን ያህል ብቻ ይሸከማሉ። ለዚህ ነው አንዱ ከስሎ ሁለቱ ንጹህ የሚሆኑት። (አነስተኛ ሞተሮች ብዙ ጊዜ በስታር ነው የሚያያዙት፤ እነሱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሁለቱ ይከስላሉ፣ አንዱ ይተርፋል።)

ሁለተኛው የወፍጮ ሞተር ተከፈተ። ያው መልክ። አንድ ጥቁር፣ ሁለት ደህና።

ሶስተኛው፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ ግን ሌላ ነው። ዙሪያውን እኩል ነው የጠቆረው። አንድም የዳነ እስር የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። ሶስቱም «መብራት አቃጠለብኝ» ብለው አመልክተዋል። ሶስቱም «ሞተራችሁ ነው» ተብለዋል። ማስረጃው ግን ሁለቱን ከአንዱ ይለያል። ከሁለቱም ወገን ይህን ለመለየት ሞተር ያስከፈተ ሰው የለም።

የወፍጮዎቹ ነገር አለቀለት ማለትም አይደለም። ጥቅልሉ ፌዝ እንደጠፋ ይመሰክራል፤ የት እንደጠፋ ግን አይናገርም። ፌዝ ምሰሶ ላይ ሊጠፋ ይችላል፦ የትራንስፎርመሩ አንድ ፊውዝ ሲበጠስ፣ ማያያዣ ሲላላ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥም ሊጠፋ ይችላል፦ የኮንታክተሩ አንድ ጥርስ ተበልቶ፣ ወይም ማብሪያው ላይ አንዱ ብሎን ላልቶ። የመጀመሪያው የአቅራቢው፣ ሁለተኛው የባለወፍጮው ጉዳይ ነው። ጥቁሩ ሽቦ ግን በሁለቱም ያው ነው። አቅራቢው «የኔ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ጎረቤት ጠየቅን። ሁለቱ ወፍጮዎች በመካከላቸው የአራት መቶ ሜትር ያህል ርቀት አለ፣ ባለቤቶቹም የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም የተቃጠሉት ማክሰኞ ማታ ነው፣ መብራት ለአጭር ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ። በዚያው ምሽት በአንደኛው ረድፍ ያሉ ቤቶች መብራት አልነበራቸውም፣ ፊት ለፊታቸው ያሉት ነበራቸው። የሻይ ቤቷ ልጅ በደንብ ታስታውሳለች፦ «ማዶ በርቶ እኛ ጋ ጨለማ ነበር፣ እስከ ጠዋት።» ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፌዝ ነው የሚገባላቸው። ግማሹ ሰፈር ጠፍቶ ግማሹ ሲበራ አንድ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። በሁለት የተለያዩ ወፍጮ ቤቶች ሁለት ኮንታክተሮች በአንድ ማታ አንድ ዓይነት ጥርስ ተበልቶባቸው፣ በዚያው ማታ ደግሞ ግማሽ ሰፈር ጨለመ ብሎ ማመን ይከብዳል። እኛ የጠፋው ውጭ ነው ወደሚለው እናዘነብላለን። ለነገሩ የባለወፍጮዋን ኮንታክተር ጠቅላዩ ራሳቸው ከፍተው አይተውታል፤ ሶስቱም ጥርሶች ደህና ናቸው።

የአንድም ሰው ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ አለመቃጠሉም የሚናገረው ነገር አለ። የተበጠሰው ኒውትራሉ ቢሆን ኖሮ 220 ቮልት የለመዱ ቤቶች ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሳቸው ይችል ነበር፤ ያኔ የሚያልቀው የቤት እቃ ነው፣ ባለሶስት ፌዝ ሞተር ግን ኒውትራል ስለማይጠቀም ብዙም አይነካውም። እዚህ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ታዲያ ባለወፍጮዎቹ ከደሙ ንጹህ ናቸው? አይደሉም። ፌዝ ሲጠፋ በሰከንዶች ውስጥ ሞተሩን የሚያቆም ትንሽ መሳሪያ አለ፣ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ይባላል። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሁለቱም ጋ አልነበረም። ባለወፍጮዋን ስንነግራቸው «አንድም ሰው አልነገረኝም፤ ቆጣሪውን ያስገቡልኝም፣ ሞተሩን የሸጡልኝም» አሉ። ማን መንገር ነበረበት?

ወደ እንጨት ቤቱ ስንሄድ ወጣቱ ባለቤት በጥርጣሬ ነው የተቀበለን። የማብሪያ ሳጥኑን ከፈተልን። ኦቨርሎድ የሚባለው መከላከያ ተነቅሎ መስመሩ በቀጥታ ተገናኝቷል። «ለምን?» አልነው። «ስራ ላይ እያለሁ እየጣለ አስቸገረኝ» አለ። እየጣለ ያስቸገረው ስራው ስለሆነ ነው! መጋዙ ደንዝዟል፣ እንጨቱ እርጥብ ግንድ ነው፣ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ እየተጎተተ ነበር። ዙሪያውን እኩል የጠቆረ ሞተር ሶስቱም ፌዝ ነበሩት ማለት ነው፤ ሶስቱም እኩል ከመጠን በላይ ሰርተዋል።

ቢሆንም ልጁን ብቻ ጥፋተኛ ለማድረግም አንቸኩልም። እኩል መጥቆር የቮልቴጅ ማነስም ምልክት ነው። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ በስኩዌር ነው። 380 መሆን የነበረበት ወደ 304 ቢወርድ፣ ማለትም በ20 በመቶ ቢጎድል፣ ጉልበቱ የሚጎድለው 36 በመቶ ነው። ሞተሩ ግን ስራው አልቀነሰለትም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ከረንት እየሳበ ይግላል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ምጣዱን ሲጥድ መብራቱ የሚደበዝዝባቸው ሰፈሮች ይህን ያውቁታል። የልጁ ጉዳይ ላይ ኦቨርሎዱ ቢኖር ኖሮ በሁለቱም ምክንያት ይጥልለት ነበር፣ ሞተሩም ይተርፍ ነበር። ስለዚህ የሱ ክስ ደካማ ነው። ይህን ለሱም ነግረነዋል፣ አልወደደውም።

ብዙዎቻችሁ «እኔ ጋ ፌዝም አልጠፋ፣ ጭነትም አልበዛ፣ ግን ተቃጠለ» ትሉ ይሆናል። ጠቅላዩን ይህንኑ ጠየቅናቸው። ከመናገር ይልቅ አንድ ዘንግ አነሱና ኩሽኔታውን በእጃቸው አዞሩት። ይንኮሻኮሻል። ኩሽኔታ ሲያልቅ መሃል ያለው ተሽከርካሪ ዝቅ ብሎ ቋሚውን አካል መፋቅ ይጀምራል፣ ወይም ጭራሹን ነክሶ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ የሚታየው ግን የተቃጠለ ሽቦ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ ሞተሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከብልሽቱ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ኩሽኔታ ላይ ነው። እኛ ሀገር ወፍጮ ቤት ቺንጋ እንዳይንሸራተት እስኪጮህ ድረስ ይወጠራል። የተወጠረው ቺንጋ ቀን ከሌት ኩሽኔታውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ግራሶ ደግሞ ወይ ጨርሶ አይገባለትም፣ ወይ ሞልቶ እስኪፈስ ይገባለትና ከዱቄት ጋር ተቦክቶ ሊጥ ይሆናል።

ዱቄቱስ? የሞተር ገላ ላይ ያሉት ሽንሽኖች ለጌጥ አይደሉም፣ ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው። በዱቄት ሲደፈኑ ሞተሩ ጋቢ ለብሶ እንደመሮጥ ነው። የሽቦው መከላከያ ልባስ ከተፈቀደለት ሙቀት በ10 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ ባለሙያዎች በልምድ ያሰላሉ። ሌላም አለ። ሞተሮች ሲመረቱ የሚሰላላቸው ከባህር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታና እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ይህቺ ከተማ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ደጋ ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን ያካክሰዋል፤ ይህ ግን ሞተሩ ነፋስ ካገኘ ነው። በቆርቆሮ በተዘጋች፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ቀትር ላይ ምን ደጋ አለ?

ባለሙያው ስለራሳቸው ሙያም አልደበቁንም። «ጥቅለላም ያቃጥላል» አሉ። የተቃጠለውን ሽቦ ለማውጣት አንዳንዱ ሞተሩን ሜዳ ላይ በእሳት ይለቀዋል። ሽቦው ይወጣል፤ ግን ብረቱ በስስ ቅጠል የተደራረበ ነው፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ስስ ልባስ ከ360 እና 370 ዲግሪ ካለፈ መበላሸት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለ ጭነትም ይግላል። ሌላው የሽቦ ውፍረትና የዙር ቁጥር ነው። የነበረው ሽቦ ገበያ ላይ ሲጠፋ በቀጭኑ ይተካል። ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም በመዳብ ስም ሊሸጥ ይችላል። በትክክል የተጠቀለለ ሞተር ግን እንደ አዲስ ሊሰራ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2003 በጥገና ባለሙያዎች ማህበራት የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ጥቅለላ በራሱ ጥፋት አይደለም። ከጠቀለለላችሁ ሰው ዙሩንና የሽቦውን ቁጥር በወረቀት ተቀበሉ። ሲመለስም ከመነሳቱ በፊት በሜገር ይለካ፤ ከ5 ሜጋኦም በታች ካሳየ ባይነሳ ይሻላል። የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ ይህን በተለይ ስሙን፦ ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ዳር የከረመ ሞተር እርጥበት ጠጥቷል። ሳይደርቅ በጥቅምት ሲነሳ እዚያው ይፈነዳል፣ «መብራት ነው» ይባላል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ።

የተቃጠለው ሽቦ ከሞተሩ ወጥቶ የት ይሄዳል? በኪሎ ይሸጣል። መዳብ ነው፣ ገንዘብ ነው። ሞተሩ ጥቅለላ ቤት በገባ በማግስቱ ያ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ደህና ሆኖ የተደረደረው ምስክር ተቆርጦ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቷል። ባለቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ለማመልከት ሳምንት ይፈጅበታል፤ መልስ እስኪያገኝ ወር ይሆናል። ያኔ ያለው በእጁ «ተቃጠለብኝ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በዚያኛው ወገን ያለውም «አሮጌ ነው» የሚል ቃል ብቻ። ሁለት ቃል ሲጋጭ ማን ያሸንፋል? ቆጣሪው በእጁ ያለው።

ለአቅራቢውም ቢሆን ይህ ጥቅም የለውም። የትኛው ትራንስፎርመር ስር ስንት ሞተር በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተቃጠለ ቢመዘገብ የላላው ማያያዣ የት እንዳለ ያለ ብዙ ፍለጋ ይገኝ ነበር። ጥቅለላ ቤቶች ይህን መረጃ በየቀኑ ያዩታል። የሚጠይቃቸው የለም እንጂ።

የወፍጮው ነገር ቀላል ነው የምትሉ ካላችሁ የውሃውን አስቡት። በገጠር ጉድጓድ ውስጥ የሚሰራው ሰርጓጅ ፓምፕ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደርቆ ይቃጠላል። ፌዝ ሲጠፋም ይቃጠላል። ሁለቱ መፍትሄያቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ የደረጃ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፣ ሌላው የፌዝ ሪሌ። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ፓምፕ ከወረደ ያው ይደገማል። ሞተሩን ከመቶ ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ክሬን መጥራት ያስፈልጋል፣ ክሬን እስኪመጣ ደግሞ ሴቶቹና ልጆቹ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ድሮው ወንዝ ይመለሳሉ።

ባለወፍጮዋ እናት ዘንድ ስንመለስ ወፍጮ ቤታቸው ተዘግቷል። እህላቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ወደ ማዶ መንደር እየሄዱ ነው፤ ደንበኛ አንዴ ከለመደ ደግሞ አይመለስም ብለው ይሰጋሉ። ጥቅለላውን በብድር ጀምረዋል። ሽቦው ከመቆረጡ በፊት ግን ጠቅላዩን ለምነን የሁለቱንም የወፍጮ ሞተሮች ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስተናል፤ የሞተሩ ሰሌዳ ቁጥር አብሮ ይታያል። ጠቅላዩ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ፈርመዋል። ሁለቱ ባለወፍጮዎች የማክሰኞውን ሰዓት፣ የጨለመውን ረድፍና የስድስት ጎረቤቶችን ፊርማ አያይዘው አንድ የጋራ ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። እንጨት ቤቱ አልገባበትም።

ደብዳቤው ሐሙስ ጠዋት ለአገልግሎት ጣቢያው ገብቷል፣ ቅጂውም ዘርፉን ለሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለስልጣን ተልኳል። የጣቢያውን ኃላፊ በስልክም በአካልም ጠይቀናል፤ «ደብዳቤውን አይተን ባለሙያ እንልካለን» ብለውናል። ባለሙያው ሲመጣ እኛም እዚያው እንገኛለን፣ የሚሉትን ይዘን እንመለሳለን።